የነጭ በሽታ ነው ስላላችሁት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ዓይን ሕመሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ጠዋት ሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሞራ፣ ስለ ትራኮማና ስለ ግላኮማ የተባለው ደህና ነው፤ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም። ጸሐፊው ግን መጨረሻ ላይ፣ እግረ መንገዱን፣ ዓይን ውስጥ የሚነሣ ካንሰር የነጮች በሽታ ስለሆነ እኛን እንደማያሰጋን ጠቅሶ አልፏል። እኔ ጥቁር ሰው ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ እናቴ የሐረር ልጅ፣ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ግራ ዓይኔ ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ «በማያሰጋን» በሽታ ወጥቶ፣ አሁን በቦታው ያለው ፕላስቲክ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በቀኙ ነውና መስመሩ ቢንጋደድ ይታለፍልኝ።

ሙያዬ ብየዳ ነው። ከደቻቱ ማዶ ባለችው ሱቄ የግቢ በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ አንዳንዴም የተሰበረ የባጃጅ ጣሪያ ስበይድ 34 ዓመት ሆኖኛል። በእኛ ሥራ ከሜትርና ከስኳድራ በፊት የሚለካው ዓይን ነው። ቱቦላሬ፣ ማለት ውስጡ ክፍት የሆነው ረጅሙ ብረት፣ ሲመጣ አንዱን ጫፍ ወደ ጉንጭ አስጠግቶ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ እስከ ማዶው ጫፍ ማየት ነው፤ ከጎበጠ ወዲያው ያስታውቃል። እኔ ሁልጊዜ የማነጣጥረው በግራ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ሳቢያን ላለ አንድ ሰርገኛ ቤት የግቢ በር ስንሠራ፣ ረዳቴ ያቀበለኝ ቱቦላሬ መሀሉ ላይ ጎብጦ ታየኝ። «ይህ ምን ዓይነት ብረት ነው ያመጣኸው?» ብዬ ጮኽኩበት። ልጁ አንሥቶ አየና «ጋሼ፣ ቀጥ ያለ ነው» አለኝ። ሌላ አነሣሁ፤ እሱም ጎበጠ። ከመጋዘን አዲስ እንዲያመጣ ላክሁት፤ አዲሱም ጎበጠ። እልህ ይዞኝ ተበይዶ ያለቀውን አንዱን ክንፍ ሳይቀር አስቆረጥኩት። በኋላ ክር ወጥረን ስናየው ክሩና ብረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተለያዩም። በቀኝ ዓይኔ ማየት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። በቀኝ ሳየው ብረቱ ተቃና። ልጁን በጊዜው ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ እዚህ ላይ ጠይቄዋለሁ።

ሌላም ነገር ነበር። ማታ መብራት አጥፍቼ ስተኛ በግራ ዓይኔ ጠርዝ ብልጭ ይላል፤ ኤሌክትሮድ ብረት ሲነካ እንደሚያደርገው ያለ ብልጭታ። ብጨፍንም ያው ነው። በያጅ እንዲህ ያለውን ነገር ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ብየዳ የመታው ዓይን ሌሊት አሸዋ እንደተበተነበት ይቆረቁራል፣ ያለቅሳል፤ ጥሬ ድንች ቆርጠን እናሳርፍበታለን፣ በማግሥቱ ይሻለዋል። የእኔ ግን አልቆረቆረም፣ አልቀላም፣ አላለቀሰም። ያታለለኝ አለመታመሙ ነው። ክረምቱ ሲገባ ከላይ፣ ወደ አፍንጫዬ በኩል፣ መጋረጃ የመሰለ ጥላ ወረደ። ኮፍያዬ የተንሸራተተ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ላቃናው እጄን እንዳነሣሁ! ኮፍያ ግን አላደረግሁም።

የመጀመሪያው ምርመራ የተካሄደው በርጫ ላይ ነው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትከር ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ፈልጎ ይሰበሰባል፣ እዚያ የማይፈታ ነገር የለም። አንዱ የስኳር ነው አለ፣ አንዱ የዕድሜ ነው፣ አንዱ ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው። በመጨረሻ ሁሉም በሞራ ተስማሙ። መነጽር ቤት ሄድኩ፤ ሰሌዳ አስነብበው መነጽር ሸጡልኝ፤ በሁለተኛው ወር ሌላ ሸጡልኝ። ከዚያ አንድ ክሊኒክ ገባሁ፤ ስሙን አልጠራም። የመረመረኝ ሰው በባትሪ አየኝና «ሞራ እየጀመረህ ነው፤ ገና አልበሰለም፤ ሲበስል ትመጣለህ» አለኝ። ማንጎ ነው እንዴ?

ሰውየውን አብዝቼ አልወቅስም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር እንደሆነና ከእነዚህም የግማሾቹን ብርሃን የነሣው ሞራ እንደሆነ ነው የሚናገረው። ቀን ከሌት ሞራ የሚያይ ሰው ሞራ ቢል አይገርምም። የሚያናድደኝ «ሲበስል ና» ማለቱ ነው። ዛሬ ሞራ እስኪበስል አይጠበቅም፤ ማየት ካወከ ይወጣል። ደግሞስ ከኋላ ያለውን ሳያዩ ፊት ለፊት ባለው መፍረድ ምን ይባላል? እኔ በር ስረከብ ገልብጬ ሳላይ አልረከብም።

ከነሐሴ ጀምሮ የማይበስለውን ስጠብቅ ቆየሁ። ኅዳር መግቢያ ላይ ነጻ የሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ መጣ ተባለ። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቼ ተሰለፍኩ። ከሽንሌ፣ ከኤረር፣ ከየገጠሩ በዱላ እየተመሩ የመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቀድመውኝ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት ቀጭን ነርስ በትንሽ መብራት ተራ በተራ ታያለች። እኔ ጋ ስትደርስ ቀኜን አየች፣ ግራዬን አየች፣ እንደገና ግራዬን አየች። «አባቴ፣ ሞራ የለብዎትም» አለችኝ። ከሰልፍ ልታስወጣኝ መስሎኝ ተቆጣሁ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የፊቱ መስታወት ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ከኋላ ነው። ብሌንዎ በጠብታ ተከፍቶ ይታይ፤ ዛሬ ነገ አይበሉ» አለችና ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። ያቺን ልጅ ስሟን ሳልጠይቅ መምጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐረር፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ የምትማር የእህቴ ልጅ አለችኝ። እሷ ይዛኝ የዓይን ሐኪም ጋ ገባን። ጠብታው ትንሽ ያቃጥላል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጦ መጠበቅ ነው፤ ብሌን ጨለማ ውስጥ እንዳለች ድመት ይከፈታል። ሐኪሟ በዚያ ቀዳዳ ስትመለከት ትንፋሿ ተቀየረ፤ ፊት ለፊት ተጠጋግተን ስለነበር ሰማሁት። ቀጥላ ዓይኔን አስጨፍና ቆቡ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችና በአልትራሳውንድ አየችው። ነፍሰ ጡር የሚታይበት መሣሪያ ለዓይንም እንደሚያገለግል አላውቅም ነበር። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ክብ ወጣ፤ ከክቡ ጥግ አንገቱ ቀጭን፣ ራሱ ወፍራም የሆነ ነገር በቅሏል። እንጉዳይ ነው የሚመስለው። ቁመቱ 12 ሚሊሜትር።

የእህቴ ልጅ የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊሜትር ገደማ መሆኑን ነገረችኝ። ለሌላው ሰው ቁጥር ነው፤ ለእኔ ሚሊሜትር እንጀራዬ ነው። በማግሥቱ ሱቅ ገብቼ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጡ ብዮችን በካሊፐር እየለካሁ 24 የሚሆን አገኘሁ። መዳፌ ላይ አስቀምጬ ግማሹን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። ነገሩ የገባኝ እዚያ ላይ ነው።

መቼም ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል፤ ብሌን ተከፍቶ በቀትር ከሐረር ወደ ድሬዳዋ መውረድን ያልቀመሰው አያውቀውም። የደንገጎ ቁልቁለት፣ የፊታችን መኪና መስታወት፣ የድሬ ፀሐይ፣ ሁሉም ነጭ እሳት ነበር። ለዚህ ምርመራ የሚሄድ ሰው ጥቁር መነጽርና አብሮት የሚመለስ ሰው ይያዝ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይለቃል።

ሐኪሟ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ቆዳችንን ያጠቆሩት ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት ዓይን ውስጥም አሉ፤ በብሌን ዙሪያ ባለው ባለ ቀለም ክፍል፣ ከእሱም ጀርባ፣ ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ ኮሮይድ በሚባለው፣ ከሬቲና፣ ማለት ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ሥር እንደ ኮት ገበር በተነጠፈው የደም ሥር በበዛበት ሽፋን። ከእነዚህ ሕዋሳት አንዱ ከሥርዓት ሲወጣ ሜላኖማ ይሆናል። ቆዳችን ላይ «ማርያም የሳመችኝ» የምንለው ዓይነት ነጥብ ዓይን ውስጥም ይኖራል። አብዛኛው ዕድሜውን ሙሉ ምንም አይልም፤ የሚከፋው ጥቂቱ ነውና የተገኘበት ሰው በየጊዜው እየተለካ ይጠበቃል። ዕጢው ሬቲናን ከሥሩ ሲገፋው ቀጥ ያለው ይጎብጣል፤ ሬቲና ሲነካካ ብርሃን ሳይኖር ብልጭታ ይታያል፤ ዓይን ምስልን ገልብጦ ስለሚቀበል ከታች የበቀለው ጥላውን ከላይ ያወርዳል። ቱቦላሬውም፣ ብልጭታውም፣ ያላደረግሁት ኮፍያም በአንድ ወንበር ላይ ተፈቱልኝ። ይህን ያህል ምልክት እንኳ የማያገኝ ብዙ ነው፤ ምንም ሳይሰማው ለመነጽር ወይም ለሌላ ነገር ዓይኑን ሲያሳይ ይገኝበታል።

አዲስ አበባ ተላክሁ። እዚያም የተባለው ይውጣ ነው። ታላቅ እህቴ «ናሙና ሳይወሰድ፣ ላቦራቶሪ ሳይገባ፣ እንዴት የሰው ዓይን ይወጣል?» ብላ ተነሣች። ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም፤ በሌላው ካንሰር መጀመሪያ የሚባለው ናሙና ነው። ይህ ግን ሙያውን በሚያውቅ ሐኪም እጅ በምርመራና በአልትራሳውንድ ይለያል። የእህቴ ልጅ ፈልጋ እንዳነበበችልን፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረው ትልቅ ጥናት የወጡት ዓይኖች ኋላ ላቦራቶሪ ሲገቡ፣ የሐኪሞቹ ግምት ከመቶ ከ99 በላይ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ጥናት መካከለኛ ዕጢ የነበረባቸው 1,317 ሰዎች በሁለት ተመድበው፣ የአንደኛው ምድብ ዓይን ወጣ፤ ለሁለተኛው ምድብ ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን የያዘች ሳንቲም የምታህል ሳህን ዓይኑ ላይ ተሰፍታ ለጥቂት ቀናት ቆየች። በሕይወት በመቆየት በኩል በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ያ ጥናት በመካከለኛነት የተቀበለው ቁመቱ እስከ 10 ሚሊሜትር የደረሰውን ነው። የእኔ አልፎት ሄዷል። ሚያዝያ ላይ፣ ቱቦላሬው በጎበጠበት ሳምንት፣ ስንት ነበር? አንዳንድ ሌሊት ተኝቼ ያንን እለካለሁ።

እህቴ ሌላም ሐሳብ ነበራት፤ ቁልቢ። ታኅሣሥ 19 ሳያልፍ ቢላ አይነካህም አለች። ስለት ተሳልኩ፣ ከሕዝቡ ጋር ወጣሁ፣ የገብርኤልን ደጅ ጠናሁ። እዚያ ያገኘኋቸው አንድ ቄስ የዓይኔን ነገር ሲሰሙ «ሐኪሙ የቀጠረህ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ኅዳር 25» አልኳቸው። «ታዲያ ዛሬ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ። መሄዴን አልጸጸትበትም፤ መዘግየቴን ነው የምጸጸትበት።

ጥር ላይ ወጣ። ስለ ቀዶ ሕክምናው የምለው ብዙ የለኝም፤ ተኛሁ፣ ነቃሁ። ሰው እንደሚፈራው ባዶ ጉድጓድ አይተውም፤ ውስጡ ኳስ ይገባና ጡንቻው ይሰፋበታል፤ ቁስሉ ሲደርቅ፣ ከሳምንታት በኋላ፣ ቀለሙ ከሌላኛው ዓይን ጋር የተመሳሰለ ሽፋን ከላይ ይደረጋል። የማያውቀኝ አይለየውም። ያስቸገረኝ ርቀት ነው። ሻይ ስቀዳ ጠረጴዛው ላይ ቀዳሁ፤ አሁን የማንቆርቆሪያውን አፍ ከብርጭቆው ጠርዝ ሳላስነካ አልቀዳም። በግራዬ የሚመጣ ባጃጅ ከሰማይ የወረደ ይመስለኛል። ብየዳው እንደ ፈራሁት አልሆነም፤ ቀልጦ የሚሄደውን መስመር ለመከተል አንድ ዓይን ይበቃል፤ የሚያስቸግረው ኤሌክትሮዱን የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ማሳረፍ ነው። እሱንም በግራ እጄ ጣት እየተመራሁ ለምጄዋለሁ።

አሁን «የነጭ በሽታ» ወደሚለው ልመለስ። እርግጥ ነው፣ ቆዳው በነጣ፣ ዓይኑ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ በሆነ ሰው ላይ ይበዛል፤ በእነሱ አገርም ቢሆን በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው የሚይዘው አምስት ስድስቱን ነው። ጥቁር ሰው ላይ ከዚያም ያነሰ ነው። ያነሰ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፤ ዕጣው የወጣበት ሰው በመቶኛ አይታመምም። በርጫ ላይ «የፈረንጅ በሽታ ከየት አመጣኸው?» ላለኝ ወዳጄ ቦብ ማርሌይን ጠቀስኩለት። እ.ኤ.አ. በ1981፣ ገና በ36 ዓመቱ የገደለው ሜላኖማ ነው፤ የእሱ ዓይን ላይ ሳይሆን ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ነው የተነሣው። ወዳጄ አይረታም፤ «አባቱ ነጭ ነበር» አለኝ። «የእኔ አባትስ?» አልኩት።

ስለ ሙያዬም መናገር አለብኝ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ከብየዳ የሚወጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተራ መድቦታል፤ የመደበውም በዚሁ በዓይን ሜላኖማ ምክንያት ነው። የእኔን ያመጣው ብየዳው ነው ብሎ የማለልኝ ሐኪም የለም፤ እኔም አልምልም። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የበየድኩት ታይዋን ገበያ በገዛሁት የፀሐይ መነጽር ነው፤ ነጥብ ነጥብ ለማስያዝ ሲሆን ደግሞ ፊቴን ዞር አድርጌ ብቻ። ዛሬ ሱቄ ውስጥ 10 ቁጥር መስታወት ያለበት ጭምብል ሳያጠልቅ ኤሌክትሮድ የሚያነሣ የለም። ረዳቴ በሙቀቱ ያማርራል፤ እውነቱን ነው፣ በግንቦት ድሬ ውስጥ ጭምብል ማለት ምድጃ ውስጥ ራስን መክተት ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቆመው ብልጭታውን የሚያዩትን ልጆችም በላሜራ ጋርጄባቸዋለሁ።

ወሬው ከተሰማ ወዲህ የዓይናቸው ነጭ ላይ ያለውን ቡናማ ጠቃጠቆ እያሳዩኝ የሚደነግጡ ሰዎች በዝተዋል። ጥቁር ሰው ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጥሮ ቀለም ነው። ካበጠ፣ ካደገ ወይም አንድ ዓይን ላይ ብቻ አዲስ ከመጣ ሐኪም ይየው። እኔ በያጅ ነኝ፣ እባካችሁ ዓይን ይዛችሁ ሱቄ አትምጡ።

ይህ በሽታ ዓይን ሲወጣ አብሮ ላይወጣ ይችላል። በደም ተጉዞ ከታማሚዎቹ እስከ ግማሽ በሚደርሱት ላይ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል፤ ቦታውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ጉበት ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመጣበትም አለ። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ጉበቴን እታያለሁ። እስካሁን ስድስት ጊዜ ንጹሕ ተብያለሁ። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት እንቅልፍ የለኝም፤ ባለቤቴም በዚያ ሳምንት ጥብስ ጉበት ቤት አታስገባም። ይህን ለጽሑፋችሁ ጸሐፊ የምነግረው ዓይኑ ወጣ፣ ተገላገለ ብሎ ቀጠሮውን የሚተው ሰው እንዳይኖር ነው።

ከእርስዎ የምፈልገው እርማት ነው። «አያሰጋንም» የሚለው ይውጣና፣ ከሞራው አንቀጽ አጠገብ አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ፦ ሰው አንዱን ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ በሌላው የበር መቃን ይመልከት፣ ከዚያም ይለውጥ፤ አንደኛው ደብዝዞ፣ መቃኑ ጎብጦ፣ ወይም ጥላና ብልጭታ ካየ፣ ሞራ ነው ከመባሉ በፊት ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ ይታይለት። ሁለት ዓይን ተከፍቶ እንዲህ ያለው ነገር አይታወቅም፤ ደህነኛው የታመመውን ይሸፍንለታል። እኔም ቱቦላሬ ባላነጣጥር ኖሮ ከዚያም በላይ እዘገይ ነበር።

ሐረር የተነሣሁትን የአልትራሳውንድ ምስል አያይዣለሁ። ዋናው ወረቀት ሙቀት የሚያደበዝዘው ዓይነት ነው፤ በሦስት የድሬ በጋ ግማሹ ነጥቷል፣ ሳይጠፋ ብዬ ኮፒ አስነሣሁት። ቦታ ካላችሁ ከእርማቱ ጋር አውጡት። እንጉዳዩ በስተቀኝ፣ ከታች በኩል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በያጁ አንባቢያችሁ
ድሬዳዋ፣ መጋቢት 2018 ዓ.ም.